አማና በፓስፖርት ይለካልን?



ስለ ጥምር ዜግነት ክርክር በተነሣ ቁጥር ጎልቶ የሚሰማው የገንዘብ ነገር ነው። በውጭ የሚኖረው ወገናችን ቤት ይሥራ አይሥራ፣ የባንክ አክሲዮን ይግዛ አይግዛ፣ ያለ ቪዛ ይግባ አይግባ ይባላል። ይህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ የጉዳዩ ሥር የሚገለጠው መንግሥት ምስጢሩን ለማን አምኖ ይሰጣል የሚለው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ነው። አንድ ሰው በመከላከያ፣ በደኅንነት ወይም በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለመቀጠር ሲጠይቅ በተለምዶ ሴኩሪቲ ክሊራንስ በሚባለው የደኅንነት ማጣሪያ ያልፋል። በዚያ ማጣሪያ ላይ የሌላ አገር ፓስፖርት ቢገኝበት፣ ወይም ቀድሞ ይዞ የነበረ መሆኑ ቢታወቅ ምን ሊባል ይገባል? ከሃዲ? ተጠርጣሪ? ወይስ እንደ ማንኛውም ሰው በሥራው የሚመዘን?

ይህ የባለሥልጣናት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ከምንኖር ሙስሊም ቤተሰቦች መካከል በጅዳ፣ በዱባይ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በዋሽንግተን ወይም በለንደን ዘመድ የሌለን ስንቶቻችን ነን? ከእነዚህ ዘመዶቻችን የሰው አገር ዜግነት የወሰደው ጥቂት አይደለም። ነገ ልጆቻቸው ወደ አያቶቻቸው አገር ተመልሰው ማገልገል ይፈልጉ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የሚጠብቃቸው ዓይን ምን ዓይነት ዓይን ነው? የኢስላም ሚዛንስ በዚህ ረገድ ምን ያስተምረናል?

ሕጉ ምን ይላል?

በቅድሚያ ሕጉን እንመልከት። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን አልተቀበለችም። አዋጅ ቁጥር 378/1996 በአንቀጽ 20 እንደደነገገው፣ በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ቀደም ብሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ደግሞ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለውን መታወቂያ ሰጥቶ ያለ ቪዛ መግባትን፣ መሥራትንና ሀብት ማፍራትን ፈቀደላቸው። ሁለት በሮችን ግን ዘጋ። አይመርጡም፣ አይመረጡም፤ በአገር መከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሳሰሉት የፖለቲካ ተቋማትም በቋሚነት አይቀጠሩም።

ሕጉ በሩን ቢዘጋም ቁልፉን አልጣለውም። የዚያው የ1996ቱ አዋጅ አንቀጽ 22፣ ወደ አገሩ ተመልሶ ኑሮውን የመሠረተ፣ የሌላውን ዜግነት የተወና ያመለከተ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን መልሶ እንደሚያገኝ ይናገራል። እንግዲህ በወረቀት ደረጃ ነገሩ የተቆረጠ ይመስላል። የያዘ አይገባም፣ የመለሰ ይገባል። ነገር ግን ማጣሪያውን የሚሠራው ወረቀት ሳይሆን ሰው ነው። ወረቀቱን የመለሰውን ሰው በምን ዓይን ያየዋል? ወረቀቱን የደበቀውንስ? የሕጉ አንቀጽ የሚያበቃው እዚህ ላይ ሲሆን የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው።

ሁለቱ የቆሼ ልጆች

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ሰፈር እንውሰድ። በኮልፌ ቀራኒዮ የሚገኘውን ቆሼን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ የተጣለበት ሥፍራ ነው። ከአጠገቡ በዘነበወርቅ በኩል በሥጋ ደዌ የተያዙ ወገኖች ከየክፍለ አገሩ ለሕክምና መጥተው፣ ሰው ስለሸሻቸው እዚያው ጎጆ ቀልሰው ቀርተዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ። ብዙዎቹ በላስቲክና በጭቃ ቤት የሚኖሩ ነበሩ። በቁርኣን መምህራቸው ቤት ይቀሩ የነበሩ ሕፃናትም እንደነበሩበት በወቅቱ ተዘግቧል። አላህ (ሱ.ወ.) ይዘንላቸው። ያ ክምር ሲናድ መታወቂያ ያለውን ከሌለው አልለየም።

አሁን እንበልና ከዚህ ሰፈር ሁለት እህትማማቾች ወጡ። ታላቂቱ ገና በልጅነቷ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር ሄደች፤ ከዚያ በስደት ዞራ አሜሪካ ደረሰች፤ ተምራ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆነች፤ ዜግነትም ወሰደች። ታናሺቱ እዚሁ ተምራ በዚያው ሙያ ተመረቀች። ሁለቱም የመንግሥት ምስጢር ወደሚጠበቅበት መሥሪያ ቤት አመለከቱ። ስለ ሁለቱ ከፓስፖርታቸው በቀር ሌላ ምንም አናውቅም። ታላቂቱ የሰው አገር ፓስፖርት አላት፤ ታናሺቱ የቀበሌ መታወቂያ ብቻ።

አብዛኛው ሰው ያለ ማመንታት ታናሺቱ ትታመን ይላል። ለምን ቢባል “እሷ ሌላ የምትሄድበት የላትም” ይላል። ልብ በሉ! ይህ መልስ ስለ ታማኝነቷ የሚናገረው አንዳችም ነገር የለም። የሚናገረው ስለ አማራጭ ማጣቷ ነው። አማራጭ ያጣ ሁሉ ታማኝ ቢሆን ኖሮ በገንዘብ የሚሸጥ ምስጢር በዓለም ላይ ባልተገኘ ነበር። ችግረኛ እኮ ከማንም በፊት ለመግዛት የሚሞከር ነው።

ታላቂቱስ ለምን ዜግነት ወሰደች? አበው “ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” ይላሉ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ150,000 በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲባረሩ አይተናል። ወረቀት የሌለው ሰው በሰው አገር ምን እንደሚደርስበት ያየ ሁሉ፣ ወረቀት የያዘን ስደተኛ አገሩን ጠላ ብሎ ለመፍረድ አይቸኩልም።

“ወረቀት ብቻ ነው” የሚለው መልስ

ይህን ስንል ግን ለወገኖቻችን ብለን እውነቱን እንዳንሸፍን ያስፈልጋል። የውጭ ፓስፖርት የያዙ ብዙ ወንድሞችና እህቶች ሲጠየቁ “እሱ እኮ ወረቀት ብቻ ነው፤ የመንገድ ማለፊያ ነው፤ ልቤ ያለው አገሬ ነው” ይላሉ። ንግግሩ ከልብ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በጥሞና ሲታይ ተናጋሪውን ራሱን ይጎዳዋል።

የአሜሪካ ዜግነት የሚወስድ ሰው እጁን አንሥቶ፣ ለሌላ ለማንኛውም መንግሥት የነበረውን ታማኝነት እንደተወና ሕግ ሲያስገድደው ለአዲሱ አገሩ መሣሪያ እንደሚያነሣ ይምላል። ታዲያ ይህ መሐላ ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ ያው ሰው ነገ እኛ ዘንድ መጥቶ ምስጢር ለመጠበቅ የሚምለው መሐላስ ምን ሊሆን ነው? ለአንዱ የማለውን እንደ ቀልድ የቆጠረ ሰው ለሌላው የማለውን እንደ ቁም ነገር እንደሚይዝ ማን ዋስ ይሆናል? መሐላው እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ሰውየው በእርግጥ በሌላ ቃል ታስሯል ማለት ነው። እንግዲያው መንግሥት “በማን ቃል ታስረሃል?” ብሎ ቢጠይቀው አልበደለውም።

በኢስላም ቃል ኪዳን ቀላል ነገር አይደለም። ሱረቱል ማኢዳ የሚከፈተው አማኞችን ውሎቻቸውን እንዲሞሉ በማዘዝ ነው። አበውም “የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ” ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ፓስፖርት ምንም አይደለም ማለት አያዋጣም። ፓስፖርት ሁሉንም ይናገራል ማለትም አያዋጣም። ሊጠየቅ የሚገባው “ይህ ሰው ከሰጠው ቃል ጋር እንዴት ይኖራል?” የሚለው ነው።

ሑዘይፋ በድር ላይ ያልተገኙበት ምክንያት

ለዚህ ጥያቄ ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው፣ ሑዘይፋ ኢብኑል የማን (ረ.ዐ.) እና አባታቸው ከበድር ጦርነት በፊት ወደ መዲና ሲጓዙ በቁረይሽ ከሃዲዎች እጅ ወደቁ። ቁረይሾች የለቀቋቸው ወደ መዲና እንጂ ከነቢዩ ጋር ተሰልፈው ላይዋጉ ቃል አስገብተው ነበር። አባትና ልጅ ነቢዩ ዘንድ ደርሰው የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። ጊዜው ሙስሊሞች ከ300 ብዙም የማይበልጡበት፣ ጠላት 1,000 ያህል ሆኖ የመጣበት፣ አንድ ሰይፍ እንኳ የሚያስፈልግበት ሰዓት ነበር። ነቢዩ ግን ለጠላት የሰጡትን ቃል እንዲጠብቁና ከጦርነቱ እንዲቀሩ አዘዟቸው፤ እርዳታውን ከአላህ እንደሚሹም ነገሯቸው።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። እኚሁ በበድር ያልተሰለፉት ሑዘይፋ፣ በኸንደቅ ጦርነት ጊዜ በብርዱና በጨለማው ሌሊት የጠላትን ሠፈር ሰልለው ወሬ እንዲያመጡ የተላኩት ሰው ሆኑ። ይህም አልበቃም። ነቢዩ በመዲና የነበሩትን ሙናፊቆች ስም ለይተው የነገሩት ለእኚሁ ሰው ነው። ሰሐቦች “የነቢዩ ምስጢር ባለቤት” ብለው ይጠሯቸው ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) እንኳ በኸሊፋነታቸው ዘመን ሑዘይፋ በአንድ ሰው ጀናዛ ላይ መገኘት አለመገኘታቸውን ይመለከቱ እንደነበር ይነገራል። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር፣ የመዲና ከፍተኛው የደኅንነት ምስጢር የተሰጠው አንድ ጊዜ ለጠላት ቃል ገብቶ ለነበረ ሰው ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ቃል ያለበትን ሰው ቃሉ ከሚጋጭበት ቦታ ማራቅ በደል አይደለም። ሑዘይፋ ከበድር ቀሩ። ሁለተኛው፣ ከአንድ ቦታ መቅረት የክህደት ማኅተም አይደለም። ሑዘይፋ ከበድር የቀሩት ስለተጠረጠሩ ሳይሆን ቃላቸው ስለተከበረ ነው። ያንኑ ቃል ሳይደብቁ መናገራቸውና መጠበቃቸው ለሚበልጥ አማና የሚያበቃ ማስረጃ ሆናቸው።

እርግጥ የሑዘይፋ ቃል ለአንድ ጦርነት የተሰጠ እንጂ የዕድሜ ልክ ዜግነት አልነበረም። ልዩነቱን አልክድም። ዜግነት ቀጣይ ቃል ነው። በዚህም ምክንያት የሌላ አገር ዜግነቱን እንደያዘ ያለ ሰው በጦር ዕቅድ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ ቢባል ያስኬዳል። ያንን ዜግነት በግልጽ የተወውን ሰው ግን “አንድ ጊዜ ይዘህ ነበር” እያሉ ዕድሜውን ሙሉ ማሳደድ ከዚህ ሚዛን ውጭ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ?

የጸጥታ ሰዎች “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” በሚለው ተረት ይመራሉ። አይፈረድባቸውም፤ የአገር ጠባቂ የዋህ ሊሆን አይችልም። ይሁንና ሱረቱል ሑጁራት ከጥርጣሬ ብዙውን እንድንርቅ፣ ከፊሉ ኃጢአት መሆኑን ይነግረናል። ያው ሱራ ወሬ ይዞ የመጣን አመፀኛ ሰው ቃል ሳናጣራ ሰዎችን እንዳንጎዳ ያዝዛል። ኢስላም ማጣራትን ደግፏል፤ ያልደገፈው በጅምላ መጠርጠርን ነው።

የጅምላ ጥርጣሬ ምን እንደሚመስል በአገራችን አይተናል። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች በኋላ እንደገመተው 75,000 ያህል የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ ተባረሩ። ብዙዎቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። የቀረበባቸው ዋነኛ ክስ ምን ነበር? ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተደረገው ሪፈረንደም መመዝገባቸውና የኤርትራን መታወቂያ መውሰዳቸው። ሪፈረንደሙ በተደረገ ጊዜ የአዲስ አበባ መንግሥት አውቆና ተስማምቶ ነበር። በ1985 የተፈቀደው ወረቀት በ1990 ወንጀል ሆነ። በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ መለስ ዜናዊ፣ መንግሥት የውጭ ዜጋን የዓይኑን ቀለም ባይወደው እንኳ ውጣ ሊለው እንደሚችል መናገራቸው ከብዙዎች አእምሮ አልጠፋም።

ጉዳዩን የመረመረው የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሣ ኮሚሽን ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ለርእሳችን ትልቅ ትምህርት ይዟል። ኮሚሽኑ፣ እነዚያ ሰዎች በእርግጥ የሁለት አገር ዜግነት ነበራቸው አለ። በጦርነት ጊዜ መንግሥት በደኅንነት ኮሚቴው አማካይነት በግለሰብ ደረጃ ለይቶ ያስወጣቸውን በተመለከተ ሕግ አልጣሰም አለ። ሳይለይ ዜግነታቸውን የነጠቃቸውን፣ በየአካባቢው ባለሥልጣናት የተባረሩትንና መሰሎቻቸውን በተመለከተ ግን ኢትዮጵያን ጥፋተኛ አደረገ። ኤርትራንም በኢትዮጵያውያን ላይ በፈጸመችው በደል ተጠያቂ አድርጓታል። የውሳኔው ፍሬ ነገር ምን ማለት ነው? ሰውን እንደ ሰው መርምሮ መወሰንና ሰውን በወረቀቱ በጅምላ መወሰን በሕግም ቢሆን አንድ አይደሉም።

እኛ ሙስሊሞች ይህን ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ሙስሊም ሹማምንት ከሃይማኖታቸው ወይም ከሹመታቸው አንዱን እንዲመርጡ ተገደዱ። ከዚያም ወዲህ ለረጅም ዘመን “በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች” እንባል ነበር እንጂ “ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች” አንባልም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችን በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው የስም ጉዳይ ነበር። እስቲ አስቡት። አባቶቻችን ሌላ አገር አልነበራቸውም። ሌላ ፓስፖርት ሳይኖራቸው ሌላ ፓስፖርት እንዳላቸው ሆነው ተቆጠሩ። የወረቀት ጥርጣሬ መጨረሻው ይህ ነው፤ ወረቀት ሲያጣ ስምን፣ ስም ሲያጣ እምነትን፣ እምነት ሲያጣ የትውልድ ሰፈርን ወረቀት ያደርጋል።

ከዳተኛው ከየት መጣ?

ወደ ሰፊው ዓለም እንሻገር። አሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴሯ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መመሪያ፣ የሌላ አገር ፓስፖርት የያዘ ሠራተኛ ፓስፖርቱን ካላስረከበ በቀር ምስጢር እንዳይሰጠው አዝዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ሥራ ላይ የዋለው አዲስ መመሪያ ግን ጥምር ዜግነት በራሱ ማገጃ አይደለም አለ። ጥፋት የሚሆነው የሌላውን ፓስፖርት ሲጠየቁ አለማሳወቅ፣ ወይም ከአሜሪካ ሲወጡና ሲገቡ የአሜሪካውን ትቶ በሌላው መጠቀም ነው። ውሳኔውም የሰውየውን ሁለንተና ተመልክቶ እንዲሰጥ ይጠይቃል።

ትምህርት ሰጪ የሆኑ ሁለት ስሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተያዘው የሲአይኤው አልድሪች ኤምስና በ2001 የተያዘው የኤፍቢአዩ ሮበርት ሐንሰን ለሞስኮ የአገራቸውን ምስጢር ለዓመታት ሸጠዋል። ሁለቱም አሜሪካ የተወለዱ፣ በማንኛውም የፓስፖርት ማጣሪያ ያለ ጥያቄ የሚያልፉ ነበሩ። የሚያውቋቸው ባልደረቦቻቸው ከበር ላይ ስደተኛውን ሲፈትሹ እነሱ ከውስጥ ዕቃውን ያወጡ ነበር።

የእኛንም ወገን የሚነካ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት፣ በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነ አንድ አሜሪካዊ ዜጋ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩን ምስጢር ለሌላ አገር አሳልፏል ብሎ መክሰሱን አስታወቀ። የዜና ማሰራጫዎች ያ አገር ኢትዮጵያ ነው አሉ። ስለ ተከሳሹ መናገር የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ለእኛ የሚሆነው ጥያቄ ሌላ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ በታማኝነት የሚሠሩት ሌሎች የሐበሻ ልጆች በአንድ ሰው ክስ ምክንያት በሌላ ዓይን ቢታዩ ዙልም ነው እንላለን። መልካም፤ ዙልም ነው። እንግዲያው እዚህ አገር ቤት በተመለሰው ወገናችን ላይ ሲሆንም ዙልም ነው ማለት አለብን። ሚዛን ሁለት ጎን አለው።

በነቢዩ ከተማም ነገሩ ይኸው ነበር። የሙናፊቆች መሪ ዐብዱላህ ኢብን ኡበይ የመዲና ተወላጅና የጎሣ አለቃ ነበር፤ በኡሑድ ቀን 300 ያህል ተከታዮቹን ይዞ ከመንገድ የተመለሰ እሱ ነው። ከፋርስ የመጡት ሰልማንና ሐበሻዊው ቢላል (ረ.ዐ.) ግን በታማኝነት ጸኑ። ቁርኣንም ስለ ሹመት ሲነግረን የሁለት ባይተዋሮችን ታሪክ ያስቀድምልናል። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በሰው አገር፣ ያውም ከእስር ቤት ወጥተው፣ በጠባቂነታቸውና በዕውቀታቸው የግብፅን ጎተራ ተረከቡ። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከግብፅ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ፣ የሽማግሌው ልጅ ጠንካራና ታማኝ ናቸውና እንዲቀጠሩ ለአባቷ መከረች። ይህን ያወቀችው ከየት እንደመጡ ጠይቃ አይደለም፤ ውኃው ላይ ያደረጉትን አይታ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ የሚከብድ ታሪክ አለ። ሓጢብ ኢብን አቢ በልተዐ (ረ.ዐ.) በበድር የተዋጉ ሰሐባ ሲሆኑ፣ መካ ከመከፈቷ በፊት የሙስሊሙን ጦር ዕቅድ ለቁረይሽ በደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ከመንገድ ተያዘ። ነገሩ ሐሜት ሳይሆን የተጨበጠ ማስረጃ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጀመሪያ ያደረጉት ምን ነበር? ሓጢብን ጠርተው ለምን ይህን እንዳደረጉ ጠየቋቸው። ሓጢብ በመካ ዘመድ የሌላቸውን ቤተሰቦቻቸውን ለማትረፍ መሆኑን ተናገሩ። ዑመር አንገታቸውን ልምታ ሲሉ ነቢዩ እውነት መናገራቸውንና የበድርን ውለታቸውን አስታውሰው ከለከሉ። ድርጊቱ እንደ ቀላል አልታለፈም፤ በሱረቱል ሙምተሒና መጀመሪያ ተግሣጽ ወርዶበታል። ነገር ግን ማስረጃ በእጅ እያለ እንኳ ሰውየው ተሰማ። ማስረጃ በሌለበት፣ ፓስፖርት ብቻ ባለበትማ እንዴት ሳይሰማ ይፈረድበታል?

የኛው ነጃሺም ይህን ያውቁ ነበር። የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ተሸክመው መጥተው ስደተኞቹን አሳልፈህ ስጠን ሲሏቸው፣ ጃዕፈርንና ጓዶቹን ጠርተው ከአፋቸው ሳይሰሙ አልፈረዱም። ሳይሰሙ አለመፍረድ ከውጭ የተዋስነው ሥርዓት አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ወረቀቱን የያዘ ሰው አይደብቅ። ያቺ የቆሼ ታላቅ እህት የድሮ የቀበሌ መታወቂያዋን አውጥታ በቅጹ ላይ “ኢትዮጵያዊ” ብላ ሞልታ የአሜሪካውን ፓስፖርት በሻንጣ ብትሸሽግ፣ ልቧ የቱንም ያህል ለአገሯ ቢመታ አማናውን ገና ሳትረከብ አጉድላዋለች። ሕግ ባይደርስባት አላህ ያውቃል። ብትናገር ግን፣ ቢያንስ ቃሏን የማትሸሽግ ሰው መሆኗ ታወቀ።

ሁለተኛ፣ የሚዘጋው በር ጠባብ ይሁን። የጦር ዕቅድና የስለላ መዝገብ አንድ ነገር ነው፤ የሆስፒታል ኮምፒውተርና የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሌላ ነገር ነው። እዚያው ቆሼ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደውን የረጲን ጣቢያ የገነባው የቻይና ኩባንያ የተሳተፈበት ኅብረት ነው። ግንባታና ምስጢር አንድ አይደሉም ይባል ይሆናል፤ እኔም እስማማለሁ። እንግዲያውስ የቆሼ ልጅ በሰፈሯ ባለው ጣቢያ ልሥራ ብትል ይኸው ልዩነት ለእሷም ይጠበቅላት። ለባዕድ የሰፋ በር ለልጅ ሊጠብ አይገባም።

ሦስተኛ፣ የተከለከለ ሰው ምክንያቱ ይነገረው፣ መልሱም ይሰማ። “አላለፍክም” የሚል ቃል ብቻውን ቤተሰብን ሙሉ በሐሜት ያስቀምጣል። የምስጢሩን ዝርዝር ሳያወጡ “ይህ ቃልህ ከዚህ ሥራ ጋር ይጋጫል” ማለት ይቻላል። ሰውየው ቃሉን ለመተው ቢፈልግ የአንቀጽ 22 መንገድ ክፍት ነውና ይጠቆመው።

አራተኛ፣ ታናሺቱም ትጠየቅ። ዕዳ አለባት? ጉቦ ቀምሳለች? ከዚህ በፊት የተሰጣትን አደራ እንዴት ያዘችው? ፓስፖርት የሌለውን ሰው ሳይጠይቁ ማሳለፍ ፓስፖርት ያለውን ሳይጠይቁ ከመመለስ የማይተናነስ ስንፍና ነው። ኤምስንና ሐንሰንን ያሳለፈው ይኸው ስንፍና ነው።

ባለሥልጣናት ሆይ! አማናን ለባለቤቱ እንድታደርሱ፣ በሰዎች መካከል ስትፈርዱም በፍትሕ እንድትፈርዱ በሱረቱን ኒሳእ ታዛችኋል። ባለቤቱን ለማወቅ ሰውን መመርመር ይጠይቃል፤ መመርመር ደግሞ ከማኅተም ይልቅ ይደክማል። ወጣቶች ሆይ! የሰው አገር ዜግነት ስትወስዱ የምትምሉትን ስሙ፤ አስቡበት። የምትጠብቁትን ብቻ ማሉ፣ የማላችሁትን ጠብቁ፣ ስትጠየቁ ተናገሩ። በዚህ ዓለም ያለው ማጣሪያ ሊስት ይችላል፤ ታማኙን መልሶ ከዳተኛውን ሊያሳልፍ ይችላል። ፓስፖርት የማይታይበት፣ እያንዳንዱ ሰው በገባው ቃል የሚጠየቅበት ማጣሪያ ግን ከፊታችን አለ።

አላህ (ሱ.ወ.) ቃላቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።